አሥራ ሁለተኛው ጣሳ

ሆባርት ራትሊፍ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳይመጣ ሲቀር ቀድማ የተናደደችው ጎረቤቱ ክሊዮ ሄንስሊ ነበረች። ቅዳሴ የሚቀር ሰው አይደለማ። ልትቆጣው ወንዟን ተሻግራ ሄደች፤ ከጓሮው ጎጆ ፊት ለፊት፣ ከአሮጌው ጉቶ አጠገብ በጀርባው ተዘርሮ አገኘችው። ውርጩ ጢሙ ላይ ተጋግሯል። ደረቱ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ።

የወረዳው መርማሪ ሎሪን ብሌቪንስ ስትደርስ ክሊዮ የሟቹን ፊት በራሷ የአንገት ልብስ ሸፍና፣ ጉቶው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃት ነበር።

"ለምን ነካሽው ብለሽ እንዳትጮኺብኝ" አለች ክሊዮ። "ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን አድሯል። ፊቱን እንኳ ሰው ይሸፍንለት እንጂ።"

"አልጮህም። ትናንት የሰማሽው ነገር አለ?"

"አንድ ተኩስ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። የአደኑ የመጨረሻ ቀን አይደል? አንዱ ጠመንጃውን እያራገፈ ነው ብዬ ተውኩት።"

"አንድ ብቻ? እርግጠኛ ነሽ?"

"ይሄ ጆሮ ያንቺን መኪና ከመገንጠያው ጀምሮ ነው የሰማው። አንድ አልኩሽ፣ አንድ ነው።"

ሎሪን አልተከራከረቻትም። በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ሰዉ በየዓመቱ ታኅሣሥ የሚያድነው በቅድመ አያቶቹ ዓይነት ጠመንጃ ነው፤ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ። አንዴ ከጎረሰ መልሶ አይተፋም። አጋዘን ሳያይ የዋለ አዳኝ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጉቶ ላይ ተኩሶ ያራግፈዋል። ሆባርት ደግሞ ከራሱ ጉቶ እርሳሱን በቢላ እየፈለቀቀ መልሶ አረር ያደርገዋል።

ጎንበስ አለች። የሆባርት ኮት በቀዳዳው ዙሪያ በባሩድ ጠቁሯል። የተኮሰው ሰው ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆሞ ነበር ማለት ነው። ሆባርት ሊሸሽ አልሞከረም። እግሩ ሥር አንዲት ክብ ጨርቅ ወድቃለች፤ አረሩ በአፈሙዙ ሲገባ የሚጠቀለልባት፣ ስትተኮስ አብራ የምትወጣው ጨርቅ ናት። ጠርዟ ተቃጥሏል፣ በውርጩም እንደ ብስኩት ደርቃለች። ሎሪን አሸተተቻት፤ ጭስ ጭስ ከማለት በቀር ምንም የላትም። በወረቀት ከረጢት አድርጋ ኪሷ ከተተቻት።

የጎጆው በር ክፍት ነበር። ይሄ ነው ያልጣማት።

ሆባርት እርሳስ አያቀልጥም። ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ የቆረጠውን ለስላሳ እርሳስ በሁለት ጎድጓዳ ብረቶች መሐል ያስገባና የመጭመቂያውን እጀታ በመላ ሰውነቱ ይጫነዋል፤ እርሳሱ እሳት ሳይነካው ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። ቀልጦ የፈሰሰ አረር ትርፉ የተቆረጠበት ጠባሳ ይኖረዋል። የሆባርት ግን ጠባሳ የለውም፤ ወገቡ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ብቻ። ለገና ለእያንዳንዱ የሸለቆው ተኳሽ ሃምሳ ሃምሳ አረር ጨምቆ፣ በትንባሆ ጣሳ ሞልቶ፣ ስም ጽፎ በየቤቱ ያድላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ቤት የሚገባው በዚያ ቀን ብቻ ነበር። እስኪያድል ድረስ ጣሳዎቹን መደርደሪያው ላይ በጆንያ ሸፍኖ ጎጆውን ይቆልፋል፤ ማንም ቀድሞ እንዲያይ አይፈቅድም።

አሁን ግን ጆንያው ተገልጧል። ሎሪን ስሞቹን አነበበች። የራሷ አለ። ክሊዮ አለች። ከአጎቱ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ የተኳረፈው የወንድሙ ልጅ ደረል እንኳ አለ፤ እስከ አፉ ተሞልቶለታል። አሥራ አንድ ናቸው። አምና አሥራ ሁለት ነበሩ። ሁለተኛ ጊዜ ስትቆጥር የጎደለው የማን እንደሆነ ታወቃት። የሆባርት የልብ ጓደኛ የቴርማን ስኬግስ ጣሳ የለም።

ገዳዩ ወስዶት ይሆናል ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ጎጆውን በገዛ እጇ ቆልፋ ቁልፉን ያዘች።

*

ለቴርማን መርዶውን ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈለገችም። አባቷ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ መተኮስም፣ መኪና መንዳትም፣ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ትምህርት ቤት መሄድም ያስተማራት ቴርማን ነው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ ነው። በነዚህ አራት ዓመታት ቤቷ ስልክ የሚደወለው ለሥራ ካልሆነ በሳምንት አንዴ ነው፤ እሁድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቴርማን። ሁልጊዜ የሚጠይቃትም ያንኑ ነው። "እራት በላሽ?"

ወጥ ቤቱ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ከራሱ በላይ የደረቀ የናና እስር ተንጠልጥሏል። እጆቹ ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይሄ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የመጣበት ነው።

"አጎቴ ቴርማን፣ ሆባርት ሞቷል። ተኩሰው ገድለውታል።"

አላለቀሰም፣ ማን ነው ብሎም አልጠየቀም። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ እንዴት እንደሚቀበል ማን ያውቃል ብላ አሰበች።

"ባቄላ አለ፣ የበቆሎ ዳቦም ጋግሬያለሁ" አለ በመጨረሻ። "ብይ።"

"አልራበኝም። ትናንት ለአደን ወጥተህ ነበር?"

"በዚህ እጅ?" ከፍ አድርጎ አሳያት። "ሾርባ እንኳ ደረቴ ላይ ነው የምደፋው። ሆባርትም ያውቀዋል፤ ዘንድሮ ጣሳ እንኳ አልሠራልኝም።"

"ሆድ አይባስህ።"

"ምን ሆድ አለኝና" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። "ሎሪን፣ ደረል ክፉ ልጅ አይደለም። በሱ ላይ አትቸኩሉ።"

"ስለ ደረል ማን አነሣ?"

"ሁሉም ያነሣል። ሳትወጪ ውጪ ያለውን እንጨት አስገቢልኝ።"

እንጨቱን አስገባችለት። ማታ ቤቷ ሆና አሥራ ሁለት ሰዓትን ጠበቀች። ስልኩ አልጮኸም። ኀዘን ነው አለች ለራሷ፤ ቢሆንም እስከ ሁለት ሰዓት ከስልኩ አጠገብ አልተነሣችም።

*

ቴርማን እንዳለው ሁሉም ያነሣው ደረልን ነበር። አጎቱን ላይኛውን መሬት ሽጥልኝ ብሎ፣ እምቢ ሲለው ገበያ መሐል "ስትሞት እወስደዋለሁ!" ብሎ ጮኾበታል። ይሄንን የሰማ ሃያ ሰው አለ። ሰኞ ጠዋት ሸሪፍ ኤስቴፕ፣ የሎሪን አለቃ፣ ራሱ ይዞት መጣ።

"ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርክ?" አለችው ሎሪን።

ደረል የኮፍያውን ጠርዝ ያሻል። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ትንሽ ሴት ልጅ ያለችው፣ የመጋዝ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ የፈታ ሰው ነው። "ቤቴ ጀርባ። አጋዘን ሳላይ ውዬ ጠመንጃዬን ጉቶ ላይ አራገፍኩ። ክሊዮ የሰማችው የኔን ነው።"

"ያየህ ሰው አለ?"

"ጉቶው።"

"ቀልድህን ያዝ" አለ ሸሪፉ። "አጎትህ የተገደለበት አረር ወጥቷል። ሐኪሙ ልኮልናል። ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ ከሆባርት ጎጆ የወጣ።"

"እኔ አቅልጬ ነው የማፈሰው! ከተኳረፍን ወዲህ የሱን አረር ነክቼ አላውቅም። ሂዱና ቤቴን ፈትሹ።"

"ከድሮው ጣሳ አንድ ፍሬ ቢተርፍህስ?"

ሸሪፉ ሎሪንን ወደ ኮሪደሩ ጠራት።

"ሸለቆው ውስጥ የተሰማው አንድ ተኩስ ነው። እሱ ደግሞ ተኩሱ የኔ ነው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? ዓርብ ክስ ይመሠረትበታል።"

"የሚዋሽ ይመስለኛል።"

"ታዲያ! ነፍሰ ገዳይ አይዋሽም?"

በመስኮቱ በኩል የደረል ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማለች። ግቢ የሚላት ሰው አጥታ ከብርዱ ጋር ትታገላለች። ሎሪን ወጥታ አስገባቻት።

*

ረቡዕ ዕለት የደረልን ጠመንጃ ከዕቃ ክፍሉ አስወጣች። መጀመሪያ ነጭ መሐረቧን አፈሙዙ ውስጥ አዙራ አወጣችው። መሐረቡ እንደ ነጣ ወጣ። የአደን ባሩድ አንዴ ከተተኮሰ እስኪታጠብ ድረስ እጅ ያጠቁራል። ይሄ ጠመንጃ ወይ ታጥቧል ወይ አልተተኮሰም።

ቀጥላ ዘንጉን መዘዘች። እንደማንኛውም ጥንቁቅ ተኳሽ ደረልም ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት ጭሯል፤ ጠመንጃው ባዶ ሲሆን ዘንጉ እስከ ላይኛው ጭረት ይሰጥማል፣ ሲጎርስ ግን ታችኛው ላይ ይቆማል። በቀስታ ለቀቀችው። ታችኛው ላይ ቆመ።

ዘንጉን እንደተሰካ ትታ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

"ደረል፣ ጠመንጃህ እንደጎረሰ ነው።"

ፊቱ ቀላ።

"ጉቶ ላይ አራገፍኩ ያልከው ጠመንጃ ውስጡ አረር አለ። አፈሙዙ ደግሞ ንጹሕ ነው። ቅዳሜ አንዲት ጥይት አልተኮስክም። የት ነበርክ?"

"ኦሃዮ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ኦሃዮ ምን ልትሠራ?"

"ማቀዝቀዣ የሚሠሩበት ፋብሪካ ሰው ይቀጥራል ሲሉ ሰማሁ። ቅጽ ስሞላ ዋልኩ።"

"አንተ ሰው፣ በነፍስ ግድያ ልትከሰስ ሁለት ቀን ቀርቶህ ቅጽ ሞላሁ ለማለት ታፍራለህ?"

"ሚስቴ አታውቅም። እናቷን ትታ አትሄድም። እኔም አጎቴን መሬት ሽጥልኝ ብዬ የተጣላሁት እዚሁ ለመኖር ነበር፤ እምቢ ሲለኝ ነው የቆረጥኩት። ማንም ሳያውቅ ልሄድ ነበር።" ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ተኩሱ ያንተ ነው ወይ ስትሉኝ አዎ ማለት ቀለለኝ። ሁሉም ሰው ያንን ቀን ያራግፋል፤ ማን ይጠረጥረኛል ብዬ።"

ሎሪን ፋብሪካው ጋ ደወለች። የቀጣሪው ክፍል ሰው ረጅሙን ቀይ ፂማም ወዲያው አስታወሰው፤ አሥር ሰዓት ላይ የመጻፊያ እርሳስ አውሶታል። ማታ ደረል ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሎሪን አጎቱ ዘንድሮም ጣሳ ሞልቶለት እንደነበር ነገረችው። ደረል ግንቡን ተደግፎ ጥቂት ቆመና ወደ መኪናው ሄደ።

*

ሐሙስ ጠዋት ውርጩ በረታ። ሎሪን የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍታ ወደ ሸለቆው ነዳች። ወደ ቤተ ሙከራ የምትልከው፣ ጨርቋ ያለችበት የወረቀት ከረጢት ፊት ለፊቷ፣ ማሞቂያው አፍ ላይ ነበር።

ከመገንጠያው ሳትደርስ መኪናው ውስጥ ሽታ ተሰማት። መጀመሪያ ጭስ ነበር። ቀጥሎ በጨርቁ ላይ የረጋው ቅባት እየላላ ሲመጣ ናና ሸተታት።

መኪናዋን ጥግ አስይዛ አቆመች።

አረሩ በአፈሙዙ እንዲንሸራተት በሸለቆው ሁሉም ሰው ጨርቁን በሞራ ነው የሚቀባው። ሞራና የንብ ሰም ላይ ናና የሚጨምር አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጅ ሳለች፣ ሆባርት "አጋዘኖቹ ጥርሱን ፍቆ የመጣ አዳኝ ይሉሃል" እያለ ሲያላግጥበት ሦስቱም ጉቶው ላይ ተቀምጠው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሆባርት፣ ሎሪንና ቴርማን።

የሱ ጨርቅ ከዱሮ ተርፎ ሆባርት ጋ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል አለች። ሌላ ሰው ወስዶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር ያ ወጥ ቤት ትዝ አላት። "ዘንድሮ ጣሳ እንኳ አልሠራልኝም።" ጣሳዎቹ ገና አልታደሉም። ጎጆው ተቆልፎ ነበር። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ያንን መደርደሪያ ያየው ሟቹ፣ እሷና ጆንያውን የገለጠው ሰው ብቻ ናቸው። እንጨት እያስገባችለት ይሄን አለመስማቷ አንገበገባት። ላለመስማት ፈልጋ እንደነበርም ያን ጊዜ ገባት።

ቀጥታ ቴርማን ቤት አልሄደችም። ሆባርት ቤት ገባችና ቴርማንን ነፃ የሚያወጣ ነገር ፍለጋ ጎጆውን፣ ጓዳውን፣ ሣጥኑን ሁሉ ገለበጠች። መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ሚስቱ ትተኛበት በነበረው የአልጋው ጎን ላይ፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ነገር አገኘች። ገለጠችው። አጭር፣ ቀጭን፣ ሰደፉ ገና ቫርኒሹ ያልደረቀ ጠመንጃ ነው። በአንድ እጇ አነሣችው። የልጅ መጫወቻ ያህል ቀላል ነው። አጠገቡ አዲስ የተቦረቦሩ፣ ከወትሮው ያነሱ ሁለት የመጭመቂያ ብረቶች አሉ። ከነሱ ቀጥሎ አንድ ጣሳ።

ጣሳው ላይ ያለውን ስም አነበበችና አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

*

ቴርማን በረንዳው ላይ ሆኖ ነበር የጠበቃት። ፀሐይ ወጥታለች።

"ደረልን ለቀቃችሁት አሉ" አለ። "እሰይ። እስከ ዓርብ ባትለቁት ኖሮ እመጣ ነበር።"

"ትመጣ ነበር?"

"እመጣ ነበር። ወይም እመጣለሁ እያልኩ እዚሁ እቀመጥ ነበር። አላውቅም።"

አጠገቡ ካለው ወንበር ተቀመጠች። "ጣሳ እንዳልሠራልህ በምን አወቅክ አጎቴ?"

እጆቹን በብብቱ ሥር ሸጎጣቸው፤ እዚያም ገብተው መንቀጥቀጣቸውን አላቆሙም።

"ቅዳሜ ወጣሁ" አለ። "ለመጨረሻ ጊዜ ብዬ። ሦስት አጋዘን አለፈብኝ፣ አንዱንም ማነጣጠር አቃተኝ። እንደ ሁልጊዜው ሆባርት ጉቶ ላይ ላራግፍ ሄድኩ። አርባ ዓመት እዚያ ነው ያራገፍኩት። ጎጆው ክፍት ነበር፣ እሱ ውኃ ሊቀዳ ሄዷል። ጆንያውን ገለጥኩት። አላደርገውም ነበር፤ ስሜን ማየት አማረኝ። የለም። የደረል አለ። የክሊዮ አለ። የኔ የለም።"

"ከዚያስ?"

"ጠመንጃውን ደግኜ ጉቶው ላይ ላነጣጥር ስል መጣ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየ። 'አምጣ እኔ ልተኩስልህ' አለና አፈሙዙን ያዘው። እንደ ሕፃን። 'ልቀቅ፣ ገና አልሞትኩም!' ብዬ መነተፍኩት። ያን ጊዜ ባረቀ።" ትንፋሹ አጠረ። "ልገድለው ብዬ አይደለም ሎሪን። ግን በዚያች ደቂቃ ጠላሁት። ይሄንንም ጻፊው። ጠላሁት።"

"ለምን ጥለኸው ሄድክ?"

"ሞቷል። ማንን ልጥራ? ሰው ሲሞትብኝ የምጠራው እሱን ነበር።"

ከታች ወንዙ በበረዶው ሥር ይንሿሿል። ሎሪን ማስታወሻዋን አላወጣችም።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቆጨኝ" አለ ቴርማን። "እኔ ስሙን ጠርቼ አልጠግብም፣ እሱ ግን ቀድሞ ረስቶኝ ነበር።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። መንገዱን ሙሉ ያሰበችውም ዝም ማለትን ነው። ጣሳው የመኪናዋ ወንበር ላይ ነበር፤ ለሸሪፉ ብትሰጠው ለዳኛው ይደርሳል እንጂ ለዚህ ሽማግሌ አይደርስም። ተነሣች፣ ሄዳ አመጣችው፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

ስሙን አየ። ክዳኑን መክፈት አቃተው፤ ከፈተችለት። ውስጡ ያሉት አረሮች የአተር ፍሬ ያህላሉ፤ ሁሉም አዲስ፣ ወገባቸው ላይ ቀጭን መስመር አላቸው። በላያቸው ላይ የሆባርት ጽሑፍ ያለባት ወረቀት ነበረች። መነጽሩን ስላጣው ሎሪን አነበበችለት።

"'ጠመንጃው የድሮህን ግማሽ ነው የሚመዝነው። አረሩንም ላንተ ስል አሳንሼዋለሁ፤ ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻህን አይመታህም። እጅህን ጉቶው ላይ አሳርፈህ ተኩስ። ከርሞ አብረን እንወጣለን። ናናህን ግን እቤት ተወው።'"

ቴርማን ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘው። እጁ ሲንቀጠቀጥ አረሮቹ ይንኳኳሉ፤ ድምፁን ለማቆም አጥብቆ ሲይዘው ባሰ።

"ለምን አሳየሽኝ?" አለ። "ምን አደረግኩሽ?"

"ረስቶኛል እያልክ እንድትኖር አልፈለግኩም። ለሆባርት ይሄ አይገባውም።"

ኮቱን አለበሰችው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ወደ ከተማ ነዳች። ጣሳውን ከእጁ አልተቀበለችውም፤ መንገዱን ሙሉ ሲንኳኳ ሄደ።

*

እሁድ መጣ። ሎሪን ቤቷን ጠረገች፣ የተጠረገውን ደግማ ጠረገች። ድስቱን ጣደችና ለአንድ ሰው መሆኑን ስታስብ አወረደችው። ሸለቆው ውስጥ አሁን እሷን በስሟ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጠራት ሰው የለም። አንዱ መቃብር ውስጥ ነው። ሌላውን እራሷ አስገብታ በሩን ዘግታበታለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

"ከወረዳው እስር ቤት ነው" አለች የማታዋ ተረኛ። "አንድ እስረኛ የሳምንት ስልኩን ካንቺ ጋር መጠቀም ይፈልጋል። ትቀበያለሽ?"

ሎሪን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አገናኚኝ።"

ከወዲያ በኩል የሽማግሌ ትንፋሽ ተሰማ። መነጋገሪያው ከአንድ ነገር ጋር ቶሎ ቶሎ ይጋጫል፤ እጁ ነው።

"ሎሪን" አለ። "እራት በላሽ?"

ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

"በላሁ አጎቴ" አለች። "አንተስ?"